ስደትን በክፍል ውስጥ ማስተማር፦ ከጎንደር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት በ2016 የትምህርት ዘመን በጎንደር ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በአንድ የ10ኛ ክፍል ምድብ ውስጥ የስደተኞችን መብት ለማስተማር የተሠራውን ሥራ ይመለከታል። ትምህርቱን የሰጠችው የዜግነት ትምህርት መምህርት ናት። እኔ በዚያው የትምህርት ክፍል ባልደረባዋ ስለሆንሁ ዕቅዱን አብረን ተወያይተንበታል፤ አብዛኛውን ክፍለ ጊዜም ከኋላ ተቀምጬ ተከታትያለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ተማሪዎቹን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችንም ሆነ ብዬ ቀይሬአለሁ፤ ልጆቹ ዛሬም በዚያው ሰፈር ይኖራሉና።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ስደተኛ ማስተማር ሲባል የሚታሰበው የስደተኛን መከራ ማሰማት ነው። ልብ የሚነካ ታሪክ ይነበባል፣ ተማሪው ያዝናል፣ ያጨበጭባል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህ ክፍል ያየሁት ግን ተማሪዎች ስለ ስደተኛ አጥርተው ማሰብ የጀመሩት «ምን ደረሰባት?» ከሚለው ጥያቄ ወጥተው «ማን ምን ግዴታ አለበት?» ወደሚለው ሲሻገሩ መሆኑን ነው። ርኅራኄ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ርኅራኄ ብቻውን ግን ስደተኛውን ለማኝ፣ ተማሪውን መጽዋች አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፤ ያ ደግሞ የሰብአዊ መብት ትምህርት ሊሆን አይችልም።

ሁኔታው

ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ በገንደ ውኃና በአይከል በኩል የሚመጣው መንገድ አዘዞ ላይ ወደ ጎንደር ይገባል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ፣ በዚህ መንገድ ብዙ ሕዝብ ገባ። ለስደተኞቹም በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተከፈተ። ከዚያ አስቀድሞ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በትግራይ ከነበሩት ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን በዳባት አቅራቢያ ዓለምዋጭ ላይ መስፈር ጀምረው ነበር። ስለዚህ የጎንደር ተማሪ ስደተኛን የሚያውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በታክሲ ተራና በገበያ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል።

ከሱዳን የተሻገረው ሁሉ ሱዳናዊ አልነበረም። ካርቱምና ገዳሪፍ ለዓመታት ሠርተው የኖሩ፣ እዚያው ወልደው ያሳደጉ ኢትዮጵያውያንም ልጆቻቸውን ይዘው ተመለሱ። የዚህ ጉዳይ መነሻ የሆነችው ተማሪ ከነዚህ አንዷ ናት። የተወለደችው ካርቱም ነው፤ እናቷ የጎንደር ሰው ስትሆን አባቷ ኤርትራዊ ነው። ወደ ጎንደር መጥታ ከእናቷ ዘመዶች ጋር ስትጠጋ አማርኛ በደንብ ትናገር ነበር፤ ማንበብና መጻፍ ግን በዐረብኛ ነበር የምታውቀው። የትምህርት ማስረጃዋ ካርቱም ቀርቷል። ዕድሜዋና ዕውቀቷ ከሚፈቅደው ዝቅ ብላ 10ኛ ክፍል ገባች። የክፍል ጓደኞቿ መጀመሪያ «ሱዳኗ»፣ ከዚያ «ስደተኛዋ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። በክፋት ያሉት አይመስለኝም፤ በስሟ ሳይሆን በደረሰባት ነገር መጠራቷ ግን ቀስ በቀስ ከሌሎቹ ለይቷት ነበር።

ነገሩን ወደ ችግር ያመጣው አንድ በጎ ሐሳብ ነው። የትምህርት ቤቱ የሰብአዊ መብት ክበብ የዓለም የስደተኞች ቀንን ለማክበር ተነሳ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ጁን 20፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 13 ይከበራል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ሰኔ የፈተና ወር በመሆኑ ክበቡ ዝግጅቱን ወደ ሁለተኛው መንፈቅ መጀመሪያ አመጣው። ከጠዋቱ ሰልፍ በኋላ ልጅቱ በሚኒ ሚዲያው ማይክ ቆማ በጦርነቱ ያየችውን እንድትናገር ተወሰነ፤ ተነገራትም። «ፈቃደኛ ነሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። እሷም እምቢ አላለችም፤ ከማግሥቱ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀረች።

እናቷ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ለመምህርቷ የተናገሩት አጭር ነበር፦ «ልጄ የመጣችው ልትማር ነው፤ ያየችውን ልታወራ አይደለም። እኔም ቤት ውስጥ አልጠይቃትም።» መምህርቷ ዝግጅቱ እንዲቀር ከክበቡ ጋር ተነጋገረች፤ ልጅቱም ተመለሰች። ብዙ መምህራን ነገሩ በዚህ አለቀ ብለው ነበር። መምህርቷ ግን ልጅቱን ከማይኩ ማዳን አንድ ነገር፣ ክፍሉ ስለ ስደተኛ ምንም ሳያውቅ መቅረቱ ሌላ ነገር መሆኑን አስባ ትምህርቱን በሌላ መንገድ ለመስጠት ተነሳች። እዚህ ላይ ማስገንዘብ የምፈልገው አለ፦ በእኛ ባህል ተማሪ መምህሩን «አልፈልግም» ማለት ይቸገራል፤ ለባዕድ አገር ሰውና አዲስ ለገባ ልጅ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የተማሪው ዝምታ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር አይገባም።

ዕቅዱ

መምህርቷ አስቀድማ ሁለት ነገሮችን ከዕቅዱ አወጣች። አንደኛው፣ ማንም ተማሪ የራሱን ታሪክ እንዲናገር በክፍል ውስጥ አይጠየቅም፤ መናገር የፈለገ ካለ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ልክ ይናገር። ሁለተኛው፣ በሰብአዊ መብት ማሠልጠኛዎች ላይ በብዛት የሚታየው «ቤታችሁን በአምስት ደቂቃ ለቃችሁ ልትወጡ ነው፤ በሻንጣችሁ ምን ትይዛላችሁ?» የሚለው መልመጃ ቀረ። መልመጃው ሰላም ባለበት አገር ላደገ ተማሪ ሐሳብን ይከፍት ይሆናል። በዚህ ክፍል ግን ከሱዳን የመጣችው ልጅ ብቻ ሳትሆን፣ ከሌላ ክልል ተፈናቅለው ከዘመድ የተጠጉ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከሰሜን ጎንደር ወረዳዎች በሌሊት የወጡ ልጆችም ነበሩ። እነሱ በሻንጣቸው ምን እንደያዙና ምን እንደቀረባቸው ያውቃሉ። ለአንዱ ጨዋታ የሆነው ለሌላው ትዝታ ነው። በእኔ ግምት ከዕቅዱ ሁሉ ብልህ የሆነው ውሳኔ ይህ ነው።

በምትኩ ሰነዶቹ ራሳቸው ተማሪዎች እጅ እንዲገቡ ፈለገች። ይህ ቀላል አልነበረም፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ማውረድ አይቻልም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የታተመበትን ነጋሪት ጋዜጣ ከአንድ የሕግ ባለሙያ ተውሳ አስፈላጊዎቹን ገጾች ፎቶ ኮፒ አስደረገች። ጋዜጣው በአንዱ ዓምድ አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ መሆኑ ጠቀማት፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪዎቹ አማርኛውን አንብበው ከተረዱ በኋላ እንግሊዝኛውን ማመሳከር ቻሉ። አንድ ቅጂ ለሦስት ተማሪ ደረሰ፤ በአንድ ወንበር ሦስት ሦስት ሆነው ስለሚቀመጡ ይህ አላስቸገረም።

የአያቶች ስደት

የመጀመሪያው ሥራ የቤት ሥራ ነበር። ተማሪዎች ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት አገሩን ጥሎ ወጥቶ የነበረን ሰው እንዲጠይቁ ታዘዙ፦ ወዴት ወጣ? በየት በኩል? ማን ተቀበለው? ምን ወረቀት ተሰጠው? እንዴት ተመለሰ? «ምን ተሰማው?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄዎቹ የተመረጡት መልሳቸው ወደ ሕግ እንዲወስድ ነው።

የመጣው መልስ ክፍሉን ለወጠው ብል አላጋነንሁም። ጎንደር ውስጥ ሱዳን ያልወረደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ተማሪ በቀይ ሽብር ዘመን በአርማጭሆ በኩል አምልጦ ገዳሪፍ የገባ የአባቱን አጎት አመጣ። ሌላዋ በ1977ቱ ረኃብ ስለተሻገረ ቤተሰብ ጻፈች። ወለቃ አካባቢ የምትኖር ተማሪ ስለ ቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ስለ ቤተ እስራኤላውያን ጠይቃ መጣች፤ እነዚህ ሰዎች በእግር ወደ ሱዳን ወርደው በመጠለያ በሺዎች ሞተው፣ ከተረፉት ወደ 8 ሺህ የሚጠጉት በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። መምህርቷም ከዚህ ጋር በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ከ50 ሺህ በላይ ሰው፣ አብዛኛው ትግራዋይ፣ ወደ ሱዳን መሻገሩን ጨመረች። ይህን ስትናገር ክፍሉ ዝም አለ። በጎንደር ይህን ማንሳት ቀላል አይደለም፤ እሷ ግን ስደተኛን ስንቆጥር የእኛን ወገን ብቻ ከቆጠርን ትምህርቱ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል ብላ ቀጠለች።

አንድ ተማሪ አያቱን አስፈቅዶ ያመጣት የመጠለያ ካርድ ነበረች። በላስቲክ ተጠቅልላ ለዓመታት በቆርቆሮ ሣጥን የተቀመጠች፣ ፎቶዋ የደበዘዘ፣ ዙሪያዋን በመብሻ የተበሳሳች ካርድ ናት። ተማሪዎቹ ቀዳዳዎቹ ምን እንደሆኑ ጠየቁ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ አያቱ አንድ ጊዜ እህል የተቀበሉበት መሆኑን ልጁ አስረዳ። መምህርቷ ካርዷን በእጇ ይዛ «ይህን እህል የሰጣቸው ማን ነው? ለምን ሰጣቸው?» ስትል ጠየቀች። «አዝነውላቸው ነው» የሚል መልስ መጣ። እሷም እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ስምምነት ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 መቀበሏን ነገረቻቸው። ሱዳናውያን በእርግጥ አዝነው ይሆናል፤ አያትየው ድንበር ሲሻገሩ ግን አገሪቱ የገባችው ቃል ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት ተማሪ በወርኃ ጽጌ የሚታሰበውን የእመቤታችንን ስደት፣ አንድ ሙስሊም ተማሪ ደግሞ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም ያደረጉትን ስደትና የነጃሺን አቀባበል አነሱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ስለሚያዝ መምህርቷ ወደ ሃይማኖታዊ ትርጓሜ አልገባችም። «በሁለቱም ታሪክ ተቀባዩ አገር ምን አደረገ?» ብላ ብቻ ጠየቀች። አንዱ ተማሪ የሰጠው መልስ ይህ ነው፦ «ነጃሺ አሳልፋችሁ ስጡን ያሉትን አልሰጣቸውም።» ይህ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በር ከፈተላት።

ሰነዶቹ

ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ሁለንተናዊው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲጸድቅ 48 አገሮች ደግፈዋል፣ 8 ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል፤ ኢትዮጵያ ከደገፉት አንዷ ናት። መግለጫው በአንቀጽ 14 ማንም ሰው ከሚደርስበት ስደትና መሳደድ ሸሽቶ በሌላ አገር ጥገኝነት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። የ1951ዱ ስምምነት ስደተኛ ማን እንደሆነ በአንቀጽ 1 ወሰነ፤ በአንቀጽ 33 ደግሞ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ስፍራ እንዳይመለስ ከለከለ። ተማሪዎቹ የነጃሺን ነገር እዚህ ላይ አገኙት። በ1951ዱ ትርጉም ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት እንዳይሳደድ በሚገባ የሚፈራ ሰው ነው። ከጦርነት የሚሸሽን ተራ ሰው በግልጽ የጨመረው ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ነው። የውጭ ወረራና የሕዝብን ሰላም በብርቱ የሚያናጋ ሁኔታም ሰውን ስደተኛ እንደሚያደርገው ደነገገ። ጥገኝነት መስጠት ሰላማዊና ሰብአዊ ተግባር እንጂ በሌላ አገር ላይ የጠላትነት እርምጃ ተደርጎ እንደማይታይም ጻፈ።

ብዙ ክርክር ያስነሳው ግን ኢትዮጵያ የ1951ዱን ስምምነት ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም. ስትቀበል ያስመዘገበችው ተዓቅቦ ነው። ኢትዮጵያ አንዳንድ ድንጋጌዎችን እንደ ምክር እንጂ እንደ አስገዳጅ ግዴታ እንደማትቀበል አስታውቃ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚናገረው አንቀጽ 22 ንዑስ አንቀጽ 1 ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ አልወደዱትም። «እንግዳ ተቀባይ ነን እንላለን፤ ልጁን ግን አናስተምርም ብለን ፈረምን ማለት ነው?» አለች አንዷ። መምህርቷ አገርን ለመከላከልም ለመውቀስም አልቸኮለችም። ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. የጸደቀውን አዋጅ አስወጣችና እንዲያነጻጽሩ አደረገች። አዋጁ በቅድመ አንደኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስደተኛው ከኢትዮጵያዊ እኩል እንዲታይ፣ ከዚያ በላይ ባለው ትምህርት ደግሞ ባለው አቅም መጠን ዕድል እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ የሥራና የመዘዋወር መብትንም ከቀድሞው አስፍቶታል። በ1962 «ምክር ነው» የተባለው በ2011 የአገር ሕግ ሆኗል ማለት ነው። ሕግ በሰው እጅ የተጻፈ፣ በሰው ጥረት የሚሻሻል ነገር መሆኑን ተማሪ እንዲረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። መምህርቷ ስምምነቱ በአንቀጽ 2 ስደተኛው ራሱም የሚኖርበትን አገር ሕግ የማክበር ግዴታ እንዳለበት መደንገጉንም አልዘለለችውም።

የድንበሩ መዝገብ

ከዚያ በኋላ ክፍሉ የመተማን የምዝገባ ጠረጴዛ ሆነ። ሁለት ተማሪዎች መዝጋቢ ሆነው ተቀመጡ፤ ሌሎች በወረቀት የተጻፈ ማንነት ተሰጥቷቸው ቀረቡ። አንደኛዋ ከካርቱም የመጣች ሱዳናዊት ነርስ ናት። ሁለተኛው ካርቱም ውስጥ በስደት ይኖር የነበረ ኤርትራዊ ነው። ሦስተኛዋ ካርቱም የተወለደች፣ ከወላጆቿ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ናት። አራተኛው ሲቪሎችን በመግደል የተጠረጠረ ታጣቂ ነው። ሦስተኛዋ ወረቀት ለማን እንደምትቀርብ ግልጽ ስለነበር መምህርቷ አስቀድማ ለልጅቱና ለእናቷ አሳይታ ነበር፤ እናትየውም አንብበው «ይሁን፤ ይኼ እውነት ነው» ብለው ፈቅደዋል።

መዝጋቢው ተማሪ ነርሷን ገና ከመቅረቧ የጠየቃት «ብሔርሽ ምንድን ነው? ሃይማኖትሽስ?» ብሎ ነበር። ወዲያው አንድ ልጅ ተነስቶ ተቃወመ፤ የስምምነቱ አንቀጽ 3 በዘር፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር መለየትን ይከለክላል አለ። መዝጋቢውም አልተረታም፦ «በብሔሯ ምክንያት እየተሳደደች ከሆነ ሳልጠይቃት እንዴት አውቃለሁ?» አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ክፍሉ ከብዙ ክርክር በኋላ የደረሰበት ይህ ነው፦ መዝጋቢው አስቀድሞ «ለምን መጣሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ብሔርና ሃይማኖት የሚነሱት ፍርሃቷን ለመረዳት ካስፈለጉ ብቻ ነው፣ ለማሳለፍ ወይም ለመመለስ መለያ ሊሆኑ ግን አይችሉም። ብሔርን መጠየቅ የዕለት ተዕለት ነገር በሆነበት አገር የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ልዩነት በራሳቸው ክርክር ማግኘታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛውን ሰው ብዙዎቹ «ይመለስ» አሉ። ስምምነቱ የጦር ወንጀል ወይም በሰው ዘር ላይ ወንጀል ለመፈጸሙ በቂ ምክንያት ያለበትን ሰው ከስደተኛነት እንደሚያስወጣ ሲያነቡ ደስ አላቸው፤ መጠርጠርና መፈጸም አንድ አለመሆናቸውን ግን መምህርቷ ደጋግማ ማስረዳት ነበረባት። በሦስተኛዋ ላይ መዝጋቢው «ስደተኛ» ብሎ ሲጽፍ ከፊት ወንበር አንዲት ተማሪ አስቆመችው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 እና በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። «እሷ ወደ አገሯ ነው የገባችው፤ ማንም የሚውልላት ውለታ የለም» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ «ስደተኛዋ» የሚለውን መጠሪያ በክፍሉ ውስጥ አልሰማሁም።

ልጅቱ በዚያ ሁሉ ውስጥ ስለ ራሷ አልተናገረችም። የተነሳችው በካርታው ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ በቦርዱ ላይ ከካርቱም እስከ መተማ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምረው ነበር። ጠመኔውን ተቀብላ መስመሩን አጠፋችና በዋድ መዳኒ፣ ከዚያ በገዳሪፍ፣ ከዚያ በገላባት የሚታጠፍ አድርጋ ሠራችው፤ የከተሞቹንም ስም በአማርኛና በዐረብኛ ጻፈች። ከካርቱም የሸሸው ሰው ብዙው መዳኒ እንደቆየ፣ ታኅሣሥ 2016 ላይ መዳኒም በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትገባ እንደገና እንደተሰደደ አስረዳች። ይህ ታሪኳ ሳይሆን ዕውቀቷ ነው፤ ክፍሉም የተቀበላት እንደምታውቅ ሰው ነበር።

የልጁ ጥያቄ

ከሁሉ የከበደው ቀጥሎ መጣ። ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ ከአጎቱ ጋር የሚኖር አንድ ተማሪ፣ ብዙ ጊዜ የማይናገር ልጅ፣ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ለስደተኛ መጠለያ አለ፣ ስንዴ አለ፣ አዋጅ አለ። እኛ ግን ኢትዮጵያዊ ሆነን ለእኛ ማን አለ?» አለ። ከኋላ ወንበር የድጋፍ ድምፅ ተሰማ።

በዚህ ቦታ መምህር ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል፤ ጥያቄውን እንደ ጥላቻ ቆጥሮ ማፈን፣ ወይም «ልክ ነህ» ብሎ ስደተኛውን ተጠያቂ ማድረግ። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል። መምህርቷ ጥያቄውን ቃል በቃል ቦርዱ ላይ ጻፈችና ቀሪውን ክፍለ ጊዜ ለእሱ ሰጠች። ስደተኛ ድንበር ስለተሻገረ የአገሩ መንግሥት ሊጠብቀው አልቻለም ወይም አልፈለገም ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ሌሎች አገሮች ተስማምተው ቦታውን የሚተኩት። ተፈናቃይ ግን ድንበር አልተሻገረም፤ ዜጋ ነው፣ በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩት መብቶች ሁሉ የእሱ ናቸው፣ ቀዳሚው ግዴታም የገዛ መንግሥቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአፍሪካ አገሮች በካምፓላ ለተፈናቃዮች ጥበቃ የሚሆን ስምምነት አውጥተዋል፤ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1187 አጽድቃዋለች። ስለዚህ ለተፈናቃዩም ሕግ አለው።

«ሕጉ ካለ ታዲያ ለምን አይሠራም?» አለ ልጁ። መምህርቷ ይህ ተገቢ ጥያቄ መሆኑን፣ የሚቀርበውም ግዴታው ላለበት አካል እንጂ አውላላ ላይ በሸራ ሥር ላለችው ነርስ አለመሆኑን መለሰችለት። እኔ ይህ መልስ ልጁን ያጽናናዋል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አላጽናናውምም። ቁጣው ግን አቅጣጫ አገኘ። ምን እንደሚያስቸግረው ስትጠይቀው የነገራት ሰፊ ነገር አልነበረም፦ ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ የመልቀቂያ ወረቀትና ትራንስክሪፕት ማምጣት ስላልቻለ በጊዜያዊነት መመዝገቡን፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ምን እንደሚሆን አለማወቁን ተናገረ። ሌሎች እጆችም ወጡ። ማስረጃ የሌላቸው እሱ ብቻ አልነበረም።

ግንቦት ላይ ከአውላላ መጠለያ በጸጥታ ሥጋት ምክንያት የወጡ ስደተኞች መንገድ ዳር መስፈራቸው በከተማው ተወራ። የክፍሉ ክርክር በዚያ ሰሞን ከበፊቱ የተለየ ነበር። «ሁሉ ነገር ተሟልቶላቸው ምን አጡ?» የሚል ድምፅ ሲነሳ የመለሰው ያ ተፈናቃይ ልጅ ነው፤ ሰው ስንዴ ስላለው ብቻ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም አለ።

ከትምህርቱ በኋላ

ተማሪዎቹ ስለ ማስረጃው ጉዳይ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ማመልከቻ ጻፉ። የልጆቹን ታሪክ ሳይተርኩ ጥያቄውን ብቻ አስቀመጡ፦ በጦርነትና በመፈናቀል ምክንያት ማስረጃ ማቅረብ ያልቻለ ተማሪ በፈተና ተመዝኖ በሚገባው ክፍል እንዲመደብ። አስተዳደሩ ጥያቄውን ተቀብሎ በትምህርት ቤቱ መምህራን የሚዘጋጅ የምዘና ፈተና ሰጠ፤ ውጤቱ በቋሚነት እንዲጸድቅም ለበላይ አካል ጻፈ። በትምህርት ዘመኑ መዝጊያ መልስ አልመጣም ነበር።

የመምህርቷ ዕቅድ በቀጣዩ ዓመት ለሌሎች ምድቦች እንዲሰጥ በትምህርት ክፍላችን ተስማምተናል። ጊዜው ከሰኔ ይልቅ ከታኅሣሥ 1 የሰብአዊ መብት ቀን ጋር እንዲገጥም ይደረጋል። ስለ ተፈናቃዮች የሚሰጠው ክፍል በልጁ ጥያቄ አስገዳጅነት የገባ ስለነበር አሁን ከመነሻው ቦታ ይኖረዋል፤ በእኔ አስተያየት እንዲያውም ከስደተኞቹ ሕግ መቅደም አለበት፤ ራሱ ያልተሰማ ልጅ ስለ ሌላው መብት እንዲሰማ መጠየቅ አይገባም።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከካርቱም የመጣችው ተማሪ አንድ የሕግ ጥያቄ አቀረበች። የ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 22 ንዑስ አንቀጽ 2 በውጭ አገር የተገኘ የትምህርት ማስረጃን ዕውቅና ይመለከታል፤ እሱ ግን የተጻፈው ለስደተኛ ነው። እሷ ደግሞ ስደተኛ አይደለችም፣ ዜጋ ናት፤ ማስረጃዋ ግን የስደተኛ ያህል ጠፍቷል። «ታዲያ እኔን የሚመለከተው የትኛው ሕግ ነው?» አለች። መምህርቷ በእጇ ካሉት ሰነዶች በአንዱም መልሱን ስላላገኘችው ጥያቄው ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ እንዲሄድ አደረገች፤ ልጅቱም በገዛ እጇ፣ በአማርኛ ጽፋ አስገባችው።